የቴፑ መጀመሪያ

ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ሁሉን ነገር መጠገን ይችላል ተብሎ ይታመናል። ክፋቱ እኔም አምኜው ነበር። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ገበያው አጠገብ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሬዲዮ እፈታለሁ፣ ደንበኛ ሲበዛብኝም እቆጣለሁ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴን የመምህራን ማሠልጠኛ ተቀበላት። የጎደላት መታወቂያ ብቻ ነበር፤ እኛ ኪታምቡሊሾ የምንለው። ያለ እሱ በጭነት መኪና ወደ ደቡብ የተሳፈረ ሰው መጀመሪያው ኬላ ላይ ፖሊስ ያወርደዋል። እኔ የራሴን ያወጣሁት ቁጥጥሩ ከመጥበቁ በፊት ነው። እሷ ለመታወቂያ ስትደርስ ግን አጣሪ ኮሚቴ የሚባል ነገር መጥቶ ነበር። ቺፉ፣ የመንግሥት የአካባቢ ሹሙ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠው የእያንዳንዱን ወጣት ዘር ማንዘር ይመረምራሉ። አባታችን ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ መጥቶ እዚህ ነግዶ እዚህ የተቀበረ ሰው ነው፤ ቤታችን ውስጥ የሚነገረውም አማርኛ ነው። ይህ ብቻውን ከወንጀል ተቆጠረብን። እህቴን እዚህ መወለዷን የሚያሳይ ወረቀት እንድታመጣ አዘዟት።

እናታችን እኔን የወለደችው ቤት ውስጥ ነው። እህቴን ግን ምጡ ስለጠናባት በሚስዮኑ ክሊኒክ ነው የተገላገለችው። «ያ ትልቁ ማሽን በመጣ በሳምንቱ ነው፤ ስሟን ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ» ትላለች። ሄደን ጠየቅን። የወረቀት መዝገቡን ምስጥ በልቶታል። ማሽኑ ግን ዕቃ ቤት ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። የፈረንጅ አጥኚዎች የወሊድ መዝገብ ሊይዙበት አምጥተው ጥለውት የሄዱ ሚኒ ኮምፒውተር ነው። ሚኒ ይባል እንጂ ከእኔ ይረዝማል። አጠገቡ እንደ ቁም ሳጥን ያለ የቴፕ ማንበቢያ አለ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ደግሞ የእንጀራ ሰፌድ የሚያክል አንድ ጥቅል ቴፕ። የክሊኒኩ ኃላፊ ነርስ ከቴፑ ላይ አውጥቼ ካተምኩላት ማኅተም ልታሳርፍበት ተስማማች፤ ኮሚቴውም እሱን እንደሚቀበል ነገረን። እንግዲህ የእህቴ ዕጣ እኔ እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ማንበቢያውን ከማሽኑ የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ አይጥ ቆርጥሞታል፤ አንዱን ሽቦ ካንዱ እየለየሁ በየድኩት። ከማሽኑ ደግሞ ከሱቄ ወዳመጣሁት ኮምፒውተር የሚሄድ ሌላ ገመድ ሠራሁ፤ ትልቁ ከቴፑ የሚያነበውን ትንሹ እየተቀበለ እንዲያስቀምጥ። እህቴ በየቀኑ አብራኝ ትመጣና ምስጥ ያጋመሰውን የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ገጹ መሀል ላይ ሲቋረጥባት የቀረውን ከራሷ ፈጥራ ትጨምርበታለች፤ እኔም እስቃለሁ።

ገመዱ ሁሉ ሲያልቅ ቴፑን ሰቀልኩና የማሽኑን መፈተሻ ፕሮግራም አስነሳሁ። ቀይ መብራት በራ። ስክሪኑ ላይ በዚህ ቴፕ ላይ መጻፍ አልተቻለም የሚል ነገር መጣ። ጥቅሉን አውርጄ ሳገላብጠው ጀርባው ላይ ክብ ቦይ አለ፣ ባዶውን። የጎደለው ዕቃ ገባኝ አልኩ። እዚህ አገር የጎደለ ነገር ካገኘህ ትሞላለህ፤ የመኪናው ሁሉ ሆድ ዕቃ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፣ ለምን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መሳቢያውን ስንበረብር እህቴ አንዲት ቢጫ የፕላስቲክ ቀለበት አገኘች።

«ጋሼ፣ ይቺ ትሆን?» አለችኝ ብድግ አድርጋ።

ልክክ ብላ ገባች። ቀይ መብራቱ ጠፋ። እህቴ አጨበጨበች። እኔ ደግሞ አላወቁኝም እንጂ እያልኩ በልቤ እኮራለሁ። ፈተሻው ቴፑን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ትንሽ ቆየና በሰላም ጨረሰ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርን። መጀመሪያ የመጣው አንድ ዓይነት ፊደል ነው፣ መስመር በመስመር፣ ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ። ቀጥሎ የእናት ስም፣ የሕፃን ስም፣ ቀን፣ መንደር ይወርድ ጀመር። የጎዶማ ልጆች፣ የኡራን ልጆች፣ የሰፈራችን ልጆች። እህቴ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ወረደች። መዝገቡ የሚጀምረው እሷ ከተወለደች ከወራት በኋላ ነው። የሷ ስም የለም።

ቴፑ አርጅቶ ይሆናል ብዬ በማግስቱ በቦዳ ቦዳ ሞተር ተፈናጥጬ ጎዶማ ሄድኩ፣ ድሮ ማሽኑን ያሠሩ የነበሩት የክሊኒኩ ጸሐፊ ዘንድ። በር ላይ ተቀምጠው ፍየሎቻቸውን ያያሉ። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ቀለበቷ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ኢልማኮ፣ ማን አስገባት?» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እኔ ነኝ፣ ምዜ፣ አባቴ። ጎድላ ነበር።»

«አልጎደለችም። እኔ ነኝ ያወጣኋት። ቀለበት የሌለው ቴፕ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ማንም እንዳያጠፋብኝ ብዬ ነው። ያ ፈተሻ እኮ ለባዶ ቴፕ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ፊደል እየደጋገመ በነበረው ላይ ይጽፍበታል።» ከዚያ «ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ» አሉኝ። የጠፋው ይመለስ እንደሆን ስጠይቃቸው አይመለስም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እህቴ ሱቁ ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር። ገና ሳልቀመጥ «ምን አሉ?» አለችኝ። «የመጀመሪያዎቹን ወራት አልመዘገቡም አሉ» አልኳት። ቀለበቷን ያቀበለችኝ እሷ ስለሆነች እንዳትጎዳ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ያፈርኩት ለራሴ ነው። አላውቅም ማለት የማይችል ሰው ነበርኩ።

የዚያኑ ቀን እህቴ እናታችንን «አየሁ ያልሽው የታለ? ማዶ ወልደሽኝ ነው» አለቻት። እናቴ ማለች፣ ተገዘተች፣ አለቀሰች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

ከቴፑ የተረፈውን አትሜ ለነርሷ ሰጠሁ፤ በዚያ ወረቀት ብዙ ሰው መታወቂያ አወጣ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ አቁመው የሚመርቁኝ አሉ፣ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። የእህቴ የትምህርት ቦታ ለሌላ ተሰጠ። እሷ ድንበሩን ተሻግራ ማዶ ገባችና የኢትዮጵያ መታወቂያ አወጣች፣ ኮሚቴው ነሽ ያላትን ሆና። በእግር የሚኬድ መንገድ ነው፤ ግን እናታችንን ልትጠይቅ አንድ ቀንም አልመጣችም።

እናቴ ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀሯት ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጫት እጄን ያዘች።

«ልጄ፣ አንተ ማሽኑን ከፍተህ አይተኸዋል። ስሟ በርግጥ የለም?»

ያኔ መናገር እችል ነበር። ከእሷ ሌላ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

«የለም፣ እማ» አልኳት። «የሌላ ልጅ ስም ሲጽፉ አይተሽ ይሆናል።»

ብዙ አሰበች። ከዚያ እጄን መታ መታ አድርጋ «ይሆናል» አለችኝ፤ «አንተ ካልክ ልክ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»