ያልተሳልኩት ስእለት

ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ሰባት ሚስማር አለ። የመታኋቸው እኔ ነኝ፤ አንዱ ተጣሞ እንደዚያው ቀርቷል። መጀመሪያ ለአይጥ ብዬ ነበር። የምንኖርበት ቤት ከመናኸሪያ ብዙ የማይርቅ የጭቃ ቤት ነው፤ አይጡ ከእኛ ቀድሞ የገባ ተከራይ ነው። ሽሮውን፣ ክኩን፣ ቦሎቄውን በፌስታል እየቋጠርኩ ከፍ አድርጌ እሰቅል ነበር። ቀስ እያለ ነገሩ ሌላ ሆነ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ሳምንቱን በሙሉ መቋጠር ጀመርኩ። የሰኞው ሽሮ በሰኞ ሚስማር፣ የማክሰኞው ቦሎቄ በማክሰኞ ሚስማር። እጄን ስለማላምነው ነው። ከአንድ ጣሳ እየዘገንኩ ስሠራ ሳምንቱ ሳያልቅ ጣሳው ያልቅና ሐሙስ ላይ የሰው ደጅ እቆም ነበር። ከተቋጠረ ግን ሐሙስም የራሱ አለው።

ልጆቼ ግድግዳውን ማንበብ ለመዱ። ትንሹ ልጄ ፊደል ሳይለይ ሚስማሮቹን ለየ። “እማ፣ ነገ ቢጫው ነው?” ይለኛል፣ ክክ ማለቱ ነው። ትልቋ አምስተኛ ክፍል ናት። እኔ አራተኛ ላይ ስላቋረጥኩ በትምህርት በልጣኛለች፤ ነገር ስትጠይቀኝ አንዳንዴ የምመልሰው ጠፍቶኝ ድስት አማስላለሁ።

ረቡዕና ዓርብ ቀላል ሚስማሮች ናቸው። ጾም ነው፤ ማንም እንቁላል አምጪ አይለኝም። ይህን ማለት ያሳፍረኛል እንጂ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሌላው ሰው ስለ ነፍሱ ሲያስብ እኔ “ተመስገን፣ እስከ ፋሲካ አረፍኩ” ነበር የምለው። በጾም ወቅት የሁሉም ሰው ማዕድ ይቀራረባል። ከግቢው ውስጥ የማንም ድስት ቢሸት ያው ሽሮ ነው የሚሸተው። ልጆቼም ከሰው ያነሱ አይመስላቸውም።

አንድ ዓመት ጾሙ ሊፈታ ትንሽ ሲቀረው የልጆቼ አባት ሥራ ቆመ። የሚነዳው የሰው ባጃጅ ነበር፣ ከመናኸሪያ መሃል ከተማ። ባለንብረቱ ባጃጁን ሸጠው። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ አልታረደም። ሽንኩርት አብስዬ እንቁላል ጨመርኩበትና ዶሮ ወጥ ነው ተባብለን፣ እየሳቅን በላን። ያንን ቀን አልፈራሁትም ነበር። የፈራሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም። ረቡዕም የለም፣ ዓርብም የለም። ለሌላው የደስታ ወቅት ነው፤ እኔ ግን ግድግዳዬን ባየሁት ቁጥር ማረፊያ የሌለው ዳገት ይመስለኝ ነበር።

ትንሹ በመጀመሪያው ረቡዕ ጀመረ። “እማ፣ ተፈታ እኮ! ለምንድን ነው ሽሮ የምንበላው? ጎረቤት ልጆቹ ቤት እንቁላል አለ።”

አባትየው በር ላይ ተቀምጦ ነበር። አልዞረም፤ ግን ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ሥራ ካቆመ ጀምሮ ምግብ ሲቀርብ አንድ ነገር ረስቻለሁ ብሎ መውጣት ልማድ አድርጎ ነበር። “የለንም” ብል በዚያ ሰዓት ሊነሳ ነው። እኔም በልጅነቴ “የለንም” ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ያ ቃል ልጅን የሰው ትሪ ተመልካች ያደርጋል። ምክንያቴ ይህ ነው። ምክንያት ይሁን፣ ማመካኛ ይሁን፣ ዛሬም አልለየሁትም።

ድስቱን እያማሰልኩ፣ ፊቴን ሳላዞር “ስእለት አለብን” አልኩ።

“የምን ስእለት?” አለች ትልቋ።

“አባታችሁ ሥራ እንዲያገኝ ተስያለሁ። እስኪያገኝ ድረስ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አንቀምስም።”

“በሃምሳው ቀን ግን አይጾምም። ሰንበት ትምህርት ቤት ነግረውናል።”

“ይሄ ጾም አይደለም። ስእለት ነው። ስእለት ሌላ ነው።”

“እሺ” አለች፣ “እኔም እገባበታለሁ።”

ትንሹ አለቀሰና በላ። ማታ አባትየው ውጭ እግሩን ሲታጠብ ውኃ ላፈስለት ወጣሁ።

“መቼ ነው የተሳልሽው?” አለኝ።

“ዝም በል።”

“አይ፣ የትኛው ታቦት እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው። እኔም እንዳመሰግነው።”

“ቀስ በል፣ ይሰሙሃል።”

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና “ስእለት መጫወቻ አይደለም፣ አንቺ ሴት” ብሎኝ ገባ። ግን እሱም ለልጆቹ አልነገራቸውም። በማግስቱም ምግብ ሲቀርብ ተቀምጦ በላ።

ስእለቱ ቤቴን ጸጥ አደረገው። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያለቅስም። ሚስማሮቹ ሽሮ፣ ቦሎቄ፣ ጎመን፣ ድንች፣ እንደገና ሽሮ ይዘው ይውላሉ። እንዲያውም ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በአንድ ግቢ የምንኖር ሲዳማ ጎረቤት አለችኝ። ግድግዳችን አንድ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ልጆቼ እትዬ ይሏታል። ከገጠር ቆጮ ሲመጣላት ለእኔ ሳትቆርስ አትበላም። ያን ዓመት ፍቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የዋለው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር። በበዓሉ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች “አይዴ ጨምበላላ!” እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። የገቡበት ቤት ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል፤ ቅቤ የጠጣ ቆጮ ነው፣ ከወተት ጋር። የመጣ ልጅ የማንም ይሁን የማን ሳይቀምስ አይወጣም። የእኔም ልጆች ነፍስ ካወቁ ጀምሮ ይዞሩ ነበር።

እትዬ ቤት የገጠር ዘመዶቿ መጥተው ነበር፤ ቡርሳሜውን ቀምሰው በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ፣ ወደ ጉዱማሌ ሊሄዱ ነው። ልጆቼን እጃቸውን አስታጥባ ትልቁን የሸክላ ገበታ ከብበው ከተቀመጡት መካከል ከተተቻቸው። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ትንሹ አንዴ አየኝና ወዲያው ጎረሰ። ትልቋ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀረች።

“ብዪ እንጂ፣ የኔ ልጅ” አለቻት እትዬ።

“አልበላም፣ እትዬ።”

“ምነው? ቅቤው ሸተተሽ?”

“አይደለም። ስእለት አለብን።”

“ወንድምሽ እየበላ?”

“እሱ ሕፃን ነው” አለች ልጄ። እሷ ትልቅ ሰው ሆና።

“በአዲስ ዓመት? በእኔ ቤት?”

አንድ ሽማግሌ በሲዳምኛ ምን እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ መለሰችላቸው። ከተናገሩት ብዙው አልገባኝም፤ ዓይናቸው ግን ከልጄ ተነሥቶ እኔ ላይ ሲያርፍ አየሁ። “ብዪ” ማለት በቂ ነበር፤ አንድ ቃል። አፌን ከፈትኩ። “ስእለቱስ?” ብትለኝስ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልላት ነው?

“ልጅ ናት፣ ተያት” አልኩ።

“እናንተ ሰዎች እየጾማችሁ ዓመቱ ያልቃል” አለች እትዬ። ሰዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ለልጄ ያቀረበችውን መልሳ ወደ መሃል ገፋችው።

ስንወጣ ልጄ እጄን ያዘችና “እማ፣ በጣም ደስ ይል ነበር ሽታው። ግን ቻልኩ” አለችኝ። ጎሽ እንድላት ነው። “ጎሽ” አልኳት። ከሁሉም እሱን ቃል ብመልሰው ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሰላም ትለኛለች፤ ቆጮው ግን አልመጣም። አልፈረድኩባትም። የፍቼን ቡርሳሜ የገፋ ሰው የተራውን ቀን ቆጮ ምን ብላ ትሰጠዋለች?

ብዙም ሳይቆይ የልጆቼ አባት ሥራ አገኘ። መሃል ከተማ ያለ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የጭነት ባጃጅ መንዳት ነው። ሊነግረን ሲገባ ትልቋ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች። “ስእለቱ ሰመረ! አላልኩም? ሰመረ!” እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ከራሷ በላይ አሻግሮ አየኝ። ድስቱን ማማሰል ያዝኩ።

በመጀመሪያው እሁድ እንቁላል ገዝቼ በትንሽ ዘንቢል እሁድ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። ቀቅዬ አንዳንድ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ። ወተትም አንዳንዴ ይገባ ጀመር። ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መሰለኝ፤ አስተውዬ ግን አላየሁም ነበር። የትልቋ የትምህርት ቤት ቀሚስ ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ መያዙን አይቻለሁ። ቁመት እየጨመረች ነው ብዬ አለፍኩት። ልጅ ሲያድግ ቀሚስ ያጥራል እንጂ ይሰፋል እንዴ?

አንድ ቀን ትንሹ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጦ እንቁላል ሲልጥ አገኘሁት። የራሱን በልቶ ነበር።

“ማን ሰጠህ?”

“እሷ። ሁሌ ነው የምትሰጠኝ። አትናገር ብላኛለች” አለና አፉን በእጁ ያዘ፤ መናገሩ ያኔ ገብቶት።

ትልቋ ቧንቧው አጠገብ ልብስ እያጠበች ነበር። ሄጄ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

“ለምንድን ነው እንቁላሉን የማትበዪው?”

ማሸቷን ቀጠለች። “ስእለት ነው።”

“ስእለቱ እኮ አለቀ። አባትሽ ሥራ አገኘ።”

“ያ ያንቺ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ተሳልኩ። ሥራውን እንዳያጣ።”

“እስከ መቼ?”

“እኔ እንጃ። ካፈረስኩት ግን ያጣል።”

አባቷ በየጠዋቱ ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ የምትሸኘው ለዚህ ኖሯል። የቤታችንን እንጀራ በሆዷ ተሸክማው ነበር። እኔ ያሸከምኳት ነው።

“ስሚኝ” አልኳት፣ “እኔ አልተሳልኩም።”

“የትኛውን?”

“ያኛውን፤ የመጀመሪያውን። እንቁላል መግዣ ስላልነበረን ነው። ዋሸኋችሁ።”

እጇ ቆመ። አረፋው ከክንዷ ላይ ሲወርድ አየችው።

“አባባ ግን ሥራ አገኘ” አለች።

“ዞሮ፣ ለምኖ፣ ሰው አገናኝቶት ነው ያገኘው።”

“እኔ ያስገኘሁት መስሎኝ ነበር።”

የማቀልላት መስሎኝ ነበር የነገርኳት። ለካ ከእጇ ላይ አንድ ነገር እየወሰድኩባት ነው። ምን ብዬ ላባብላት? “ጸሎትሽም ረድቶታል” ልል ጀመርኩና ተውኩት። ለዚያ ቀን የተናገርኩት በቂ ነበር።

ሸሚዙን ጨምቃ ገመዱ ላይ አሰጣች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ “የእትዬ ቡርሳሜስ?” አለች። “እሱም በውሸት ነው የተውኩት?”

“አዎ።”

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ፊቷን አጥቤ እትዬ በር ላይ ይዣት ሄድኩ። ልጄ መናገር አቃታት፤ እኔ ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ከሚስማሩ ጀምሮ። እትዬ ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ።

“እኔ ደግሞ” አለች፣ “ቅቤዬ ሸቷት ነው ብዬ ቅቤ የምታመጣልኝን ሴት ተጣልቻታለሁ! በገበያ መሃል ሰድቤያታለሁ፣ ታውቂያለሽ?”

ልጄ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እትዬ ግን ወደ እኔ ዞረች። “ግድግዳችን አንድ ነው። የለኝም ብትዪኝ እሰማሽ ነበር። አፍሽን ምን ያዘው?”

የወደቀ የጎመን ቅጠል አንስቼ ሰጠኋት።

“በይ ግቢ። ፍቼ አልፏል፣ ቅቤም የለኝ” አለቻት ልጄን። ቆጮ ቆርሳ፣ ጎመን ጨልፋበት ሰጠቻት። ልጄ ቆጮውን ይዛ አየችኝ። “ይሄ ጎመን ብቻ ነው አይደል? ስእለቴን አያፈርስም?”

የእሷ ስእለት እውነተኛ ነበር፤ እኔ ላፈርሰው አልችልም። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ የንስሐ አባታችን ጋ ሄደን ሁለታችንም ነገርናቸው። ሳቅ እንዳይመጣባቸው ጢማቸውን ያዝ አደረጉና “የሕፃን ስእለት ያለ ወላጅ ፈቃድ አይጸናም፤ ሂጂ፣ እንቁላልሽን ብዪ” አሏት። ለእኔ ግን አልሳቁልኝም። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ለቀጣዮቹ እሁዶች እንቁላሉን አፏ እስኪደርስ ድረስ ዓይኔን አልነቅልባትም ነበር። አባቷ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ እሷም በሩን ታይ ነበር።

አሁን የሌለን ቀን ሚስማሩን ባዶ እተወዋለሁ፤ “ዛሬ የለንም” እላለሁ። አባትየው ይሰማል፤ ግን ተነስቶ አይወጣም። ትንሹ ያጉረመርማል፣ ያልፍለታል።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል እሁድ ከሰዓት ፌስታሎቹን እየቋጠርኩ “ከነገ ጀምሮ ጾም ነው” አልኩ። ትልቋ ከደብተሯ ቀና አለች።

“የቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ያንቺ?”

ተቆጥታ አልነበረም። ለማወቅ ነው የጠየቀችው።

“የቤተ ክርስቲያን ነው” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። እኔ ቦሎቄ እየለቀምኩ ቆየሁ፤ ጠጠሩንም ቦሎቄውንም አንድ ላይ እየጣልኩ። ስትመለስ ከበሩ ሳትገባ ገና ድምፅዋን ሰማሁት።

“እማ! የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችንን ጠየቅኳት። እውነትሽን ነው!”

ደስ ብሏት ነበር፣ ምሥራች እንደያዘ ሰው።