ኢጃዛ የሌለው ኮምፒውተር

ባሌ ከማሉዲን፣ መካነ ሰላም ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሑፍ ሱቅ አለችው። ሰው ሁሉ የዋህ ነው ይለዋል። እኔ ግን ግትር ነው የምለው፤ ግትርነቱን ደግሞ ከአባቱ ነው የወረሰው።

አባቱ ሸህ መሐሙድ ዕድሜ ልካቸውን ኪታብ ያቀሩ፣ የሃይማኖት መጻሕፍት ያስተማሩ ሰው ናቸው። በኪታቡ ላይ የሚሰጡትን ማብራሪያ እሳቸው እየተናገሩ ከማል በኮምፒውተር ሲጽፍላቸው ዓመታት አለፉ። በሕይወት እያሉ ታትሞ ማየት ነው ምኞታቸው። “እባክህ ወረቀት ላይ አውጥተህ አስቀምጥ!” ስለው፣ “ከዳር እስከ ዳር ተነቦላቸው ሰሒሕ ነው፣ ትክክል ነው ሳይሉ አይወጣም” ይለኛል። የቂርአት ቤት ደንብ ነዋ! በ2006 ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩን አቃጠለው።

ጽሑፉ ያለበት ዲስክ እንኳ ተርፏል። ግን የመጻፊያ ፕሮግራሙ የሚሠራው በአሮጌው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብቻ ስለሆነ በአዲሱ ላፕቶፕ አይከፈትም። ከማል ታዲያ ላፕቶፑ ውስጥ ቨርችዋል ማሽን የሚሉትን ሠራ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ስክሪን ላይ ብቻ የሚኖር። አሮጌውን ሲስተም እዚያ ውስጥ አስነሳው። እልል ልል ስል “ማሽኑ ተቀይሯል፤ ፈቃድ ያስፈልጋል” ብሎ ድርቅ አለ።

የተቃጠለው ኮምፒውተር ላይ የተለጠፈውን የፈቃድ ቁጥር አስገባ። እምቢ! አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ጋ ደወለ።

“ፈቃዱ የተሸጠው ከዚያ ማሽን ጋር ነው። ቨርችዋሉ እንደ ሌላ ማሽን ይቆጠራል፤ ሌላ ፈቃድ ይግዙ” አለው።

“እሺ፣ ሽጡልኛ!”

“ያ ሲስተም እኮ መሸጥ ካቆመ ቆየ።”

ኧረ በአላህ! ግዛ ይሉሃል፣ የለም ይሉሃል። ስልኩን ቀምቼ ልሰድበው ስል ከማል እጄን ያዘኝ።

ጎረቤታችን ምናለ ጉዳችንን ሰምቶ ፈቃዱን አልፎ የሚከፍት ፍላሽ ይዞ መጣ። ከማል ሊሰካው ሲል ሸሁ፣ “ባለቤቱ ፈቅዷል?” ብለው ጠየቁ። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር፣ ወላሂ!

“አልፈቀደም፣ አባባ” አለ ከማል።

“እኔ ያለ ኢጃዛ አንዲት ኪታብ አላቀራሁም” አሉ። ኢጃዛ መምህሩ ለደረሳው፣ ለተማሪው ማለት ነው፣ የሚሰጠው የማስተማር ፈቃድ ነው፤ እሳቸው ለዚያ ሲሉ በወጣትነታቸው አገር ላገር ዞረዋል። “ደግሞስ ኢጃዛ ለሰው ይሰጣል እንጂ ለሳጥን ይሰጣል እንዴ? ሳጥኑ ሲሞት ሰውየው ባዶ እጁን ይቅር?” እሳቸውም ተናደዋል። ፍላሹን ግን አስመለሱት። እኔ ንድድ ብዬ ወጣሁ።

ሌላ መላ ሲጠፋ ሸሁ ከመጀመሪያው እንደገና መናገር ጀመሩ፤ ከማል በአዲሱ ላፕቶፕ ይጽፋል። መነሻው ላይ ደህና ሄደ። ግን እርጅናው መጥቷል። ትናንት ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

“ከዚህ ቀጥሎ ምን ነበር ያልኩት?” አሉ።

“ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፣ አባባ። አልከፈት አለ እንጂ።”

“እኔ ውስጥ ግን የለም፣ ልጄ።”

ከማል ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። የኔም ቁጣ የት እንደሄደ እንጃ፤ አለቀስኩ።