ድምፅ የሌለው ፊልምና የአባቴ ቅንድብ

አባቴ ስትሮክ ከመታቸው በኋላ መጀመሪያ የተጣሉት ከቴሌቪዥን ጋር ነው። ገና ስከፍተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እዚያ ውስጥ ሁሉም ያወራል፤ እሳቸው ግን አንዲት ቃል ከአፋቸው ማውጣት አልቻሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዳንግላ ገበያ ፈረስ ሲገዙና ሲሸጡ፣ በአማርኛ ተከራክረው በአዊኛ ሲታረቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ዝም ያለ ቤት አያውቁም ነበር። እኔም አላውቅም፤ በዚያ ክረምት ግን እንጅባራ ውስጥ ከእኛ ቤት የበለጠ ጭር ያለ ቤት የነበረ አይመስለኝም።

እኔ መናኸሪያው አጠገብ ዘፈንና ፊልም በፍላሽ እየጫንኩ የምተዳደር ነኝ። ደንበኞቼ የሚፈልጉት ይታወቃል፤ የጫግኒ ሾፌሮች ድብድብ፣ የጥሊሊ ተማሪዎች ፍቅር። አንድ ቀን ከሰው በገዛሁት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ነገር አገኘሁ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፅ የሌለው የሌቦች ተከታታይ ፊልም ነው። በየመሃሉ ብቅ የሚለው ጽሑፍ በማላውቀው ቋንቋ ተጽፏል። ልሰርዘው ነበር፤ ከዚያ እዚህ ውስጥ የሚያወራ ሰው የለም ብዬ አሰብኩና ተውኩት።

ላፕቶፑን ይዤ ቤት ገባሁ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ሊዞሩ ጀምረው ቆም አሉ። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ምንም አይሰማም። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ደህናውን የግራ እጃቸውን አንስተው የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ፤ ተቀመጪ ማለታቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ መብራት ካለ እናያለን፤ ከሌለም የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ እናያለን። በየክፍሉ ፂሙን እየቀያየረ የሚመጣ ሌባ አለ። የሚያሳድደው መርማሪ ደግሞ እንደ እኛ ሰፈር መብራት ከተፈለገ በኋላ ነው የሚደርሰው። አንዲት ሴት አለች፣ የሀብታም ቤት ሠራተኛ። ሌባው ጩቤ ይዞ የጌታዋን ሳጥን እያሳየ አንድ ነገር ይጠይቃታል። እሷም ቅንድቧን ሽቅብ ታነሳለች።

አባቴ ይህን ሲያዩ በጉሮሯቸው አጉረመረሙ። እኔም "አይ ይቺ ከሃዲ" አልኩ። በእኛ ዘንድ ቅንድብ ማንሳት አዎ ማለት ነዋ። ምሳ በላሽ? ቅንድብ። ገበያ ደርሰሽ መጣሽ? ቅንድብ። ስለዚህ ሴትዮዋ ከሌባው ጋር ተስማማች አልንና ክፍሉ በተቀየረ ቁጥር እሷን ስንረግም ከረምን። ኋላ ላይ ምድር ቤት ታስራ ስትገኝ፣ መርማሪው ገመዷን እየፈታላት ስታለቅስ ነው የገባን። ለካ ፈርታ ኖሯል። በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ድንጋጤም ቅንድብ ያነሳል። አባቴ በግማሽ ፊታቸው ሳቁ፤ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን የአባቴን ቅንድብ አየሁ።

ለአባቴ የቀራቸው ቅንድብ ብቻ ነበራ። እኛ አይ ለማለት ምላሳችንን ከላንቃችን ጋር ጠቅ እናደርጋለን፤ የእሳቸው ምላስ ታስሯል፣ አንገታቸውም ለመወዝወዝ አልታዘዝ ብሏል። እስከዚያ ቀን ድረስ "ሾርባ ላምጣ? ወደ ደጅ ላውጣዎት?" ስላቸው ቅንድባቸው ከተነሳ ያልኩትን አደርግ ነበር። ከዚያ ውስጥ ስንቱ አዎ፣ ስንቱ ድንጋጤ እንደነበር ማን ያውቃል።

ያንን ክፍል እንደገና ከፈትኩና ሴትዮዋን ደግመን አየናት። አባቴ ጣታቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ነኩ። የነኩት ፊቷን ሳይሆን እጇን ነው። የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዳ ይዛለች። ፈረስ ሲገዙም እንዲሁ ነበሩ፤ ሻጩ የሚለውን ትተው ልጓሙን እንዴት እንደያዘ ነበር የሚያዩት። ከዚያ በኋላ ተግባባን። የማይፈልጉት ነገር ሲመጣ በእጃቸው ያለውን ጨምድደው ይይዛሉ፤ ሲስማሙ ይለቃሉ። ማንኪያም ይሁን ጋቢ፣ አንዳንዴም የእኔን ክንድ።

ክረምቱ ሳይወጣ ታላቅ ወንድሜ ሊወስዳቸው ከባሕር ዳር መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ሐኪም ቤቱ ለእሱ ቤት ቅርብ ነው፣ ሙቀቱ ይስማማቸዋል፣ ሚስቱም ቤት ትውላለች። እኔ ሱቅ ስውል አባቴ ብቻቸውን ናቸው፤ ከአልጋ ወድቀው ያገኘኋቸው ጊዜም አለ። የምከራከርበት አልነበረኝም። እንዲሄዱ ግን አልፈለግሁም። እሳቸው ከሌሉ ወደዚያ ቤት የምመለሰው ለማን ነው?

"አባዬ፣ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ?" አላቸው ወንድሜ።

ቅንድባቸው ተነሳ።

"ይኸው፣ አዎ አሉ።"

"እጃቸውን እየው፣ ጋሼ" አልኩት። ጋቢያቸውን ጨምድደው ይዘዋል። "እምቢ ማለታቸው ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

ከፊልም የተማርነው መሆኑን ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። እጃቸውን ትንሽ ሲያይ ቆየና "እሺ፣ እስከ መኪናው እናውጣቸው። እዚያም የያዙትን ካልለቀቁ እመልሳቸዋለሁ፣ በማርያም" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ገና አልተገለጠም ነበር። ደግፈን ወንድሜ ኮንትራት በያዘው ሚኒባስ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። አባቴ በግራ እጃቸው ከፊታቸው ያለውን እጀታ ያዙ። ጨምድደው ነው የያዙት፤ የጣቶቻቸው አንጓ ነጣ። ወንድሜ አየው። ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም፤ ለሾፌሩ እንዲጠብቅ ነግሮ ወደ እኔ ዞረና "እሺ፣ በቃ፤ እናውርዳቸው" አለኝ።

አባቴም ወደ እኔ ዞሩ። እጀታውን እንዳይለቁት ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ ፍርሃቱም ፊቴ ላይ ወጣ። ቅንድቤ ሽቅብ ተነሳ። እጄን ቢያዩት ይገባቸው ነበር፤ እጄ ግን ከብርዱ የተነሳ ነጠላዬ ውስጥ ነበር። አባቴ ፊቴን ብቻ አዩ። አዎ፣ ይሂዱ ያልኳቸው መሰላቸው። እጀታውን ለቀቁና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

ወንድሜ "ይኸው ለቀቁት" ብሎ በሩን ዘጋ። ሚኒባሱ ተነሳ። እኔ እየጮህኩ አጠገቡ ሮጥኩ፤ አባቴ በተዘጋው መስታወት ውስጥ ሆነው አፌ ሲከፈትና ሲዘጋ ያዩኛል።