ቦርድ የሚለው ቃልና ወንበር ላይ የተውሁት ደብተር

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ቢፈለግ ከእኔ በፊት የሚጠራ የለም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ አናጺ ሆንሁ፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ስገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወንበር ይለቁልኛል፤ ለሽበቴ ብቻ አይመስለኝም።

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለብዙ ዓመት ተከታትያለሁ፤ ቦርድ። ጥንት ሳንቃ ማለት ነበር። ቀጥሎ የሚበላበት ጠረጴዛ ሆነ፣ ከዚያ ምግቡ ራሱ፣ በኋላም ጠረጴዛውን ከበው የሚወስኑ ሹማምንት። እኛም ገበታ ስንል እንጨቱንም ምግቡንም ማለታችን ነው፤ ይህን ዝምድና ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያስተዋልሁት። የመርከብ ጎንም ቦርድ ይባል ነበርና መሳፈር የሚለው ፍች ከዚያ መጣ። በእኛ አገር ደግሞ ወታደር በጤና ምክንያት ሲሰናበት "ቦርድ ወጣ" ይባላል። ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፌዋለሁ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ላለች ኮምፒውተር ጸሐፊ ላስተይበው ተነሣሁ። ደሴ መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ቦታ ለመያዝ ዕቃ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወረድሁ። ሌላው ሻሽ ወይም ፌስታል ያስቀምጣል፤ እኔ የሃያ ዓመት ድካሜን አስቀመጥሁ። ታች አንድ የማውቀው መምህር አገኘሁና ስለ መርከቡ ፍች ክርክር ገጠምን። ረትቼው ዞር ስል ሚኒባሱ የለም።

የሚቀጥለው እስኪሞላ መቀመጥ አልቻልሁም፤ እገባለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ረዳቱን መቼ እንደምንነሣ እጠይቃለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ከፊታችን ያለውን መኪና ሁሉ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ደብተሩ ላይ ስሜን እንኳ አልጻፍሁም፤ ማን የማያውቀኝ አለ ብዬ።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ረዳት አገኘሁት። አንዲት እናት ወንበሩ ላይ አግኝተውት ለተራ አስከባሪው እንደሰጡ ነገረኝ። ተራ አስከባሪው ጥላ ስር ተቀምጦ ደብተሬን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ከመሃል ሦስት ወረቀት ተገንጥሏል።

"አባባ፣ የእርስዎ ነው እንዴ? ወላሂ፣ ተማሪ የጣለው መስሎኝ ነው።"

"የተማሪ ቢሆንስ ይቀደዳል?"

የወረቀቶቹ ጀርባ ባዶ ስለነበር የተራ ቁጥር ጽፎ ለሾፌሮች እንዳደላቸው ነገረኝ። ሾፌሮቹ ወጥተዋል፤ የት እንደጣሉት ማን ያውቃል። ደብተሩን ከጭኑ ላይ መንጭቄ አነሣሁ። እሱ ግን በርጩማውን ለቀቀልኝና ፈገግ አለ።

"ፒያሳ ላይ ሁሉን አውቃለሁ የሚሉት እርስዎ አይደሉ? ይጻፉታ።"

እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቅሁት።

በዚያ ቀን ያደረግሁት ይህ ነው። ደብተሬን አስመለስሁ። ሁለቱን ወረቀቶች በመኪና ጡሩምባ መሃል በቃሌ ጻፍሁ። ሦስተኛውን እስከ ግማሽ አስታወስሁ፤ የቀረው አልመጣልኝም። ጸሐፊዋ ሳትዘጋ ደረስሁባት፣ ሁለት ቅጂም አስወጣሁ። የጎደለውን ግማሽ ገጽ ባዶ እንድትተወው አዘዝኋት።