እህቴ ያላነሳችው ጣት

ትናንት ዲላ ካለው መድኃኒት ቤት የገዛሁትን የዓይን ጠብታ ለልጄ ሳደርግላት፣ "እማዬ፣ ጉሮሮዬን መረረኝ" አለችኝ። ዓይን ውስጥ የገባ ጠብታ ጉሮሮ ድረስ ወርዶ እንደሚመር የማያውቅ ሰው ግራ ይገባዋል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ያን ምሬት ለወራት ስውጠው ኖሬአለሁ።

ያኔ የምንኖረው ይርጋጨፌ አጠገብ ነበር። የጓሯችን ቡና ቀልቶ፣ ታላቅ እህቴ ቅርንጫፉን ወደ ታች ጎትታ ትይዝልኛለች፣ እኔ እለቅማለሁ። ቅጠሉ ገና የጠዋት ጤዛ እንደያዘ ነው። እናቴ ከቤት ስትጣራ እህቴ ዞር አለች፤ ቅርንጫፉ ከእጇ አምልጦ ዓይኔን መታኝ። ሕመሙ ወዲያው አልተሰማኝም። ጉንጬ ላይ የወረደው ነገር ጤዛ መስሎኝ ነበር። ጤዛ ግን አይሞቅም።

"እጅሽን አንሺ እስቲ! አንሺ፣ ልየው!" ብላ ጮኸች። ካየችው በኋላ አባቴን ልትጠራ ሮጠች።

አባቴ በሚኒባስ ዲላ ሆስፒታል አደረሰኝ። ነርሷ "እንዳታሺው፣ አደራ" እያለች ዓይኔን በጠንካራ ነገር ሸፈነችውና ወደ ሐዋሳ ላኩን። እዚያ የተቀደደውን ሰፉልኝ። ከወራት በኋላ ደግሞ ዓይኔን ሞራ ስለጋረደው፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ሰው ሠራሽ ሌንስ ተተከለልኝ።

ፋሻው ሲፈታ ሐኪሙ "ምን ይታይሻል?" አለኝ። አንድ ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል። እጁ ይሁን መጋረጃው አልለየሁትም።

"እንጃ" አልኩ።

አባቴ ደነገጠ። "አይታያትም ማለት ነው፣ ዶክተር?"

"ይታያታል። ግን ቀስ በቀስ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል።"

ቤት ስመለስ ሁሉም ተምታታብኝ። በሩ ሁለት ሆነ። ውሃ ስቀዳ ከኩባያው ውጪ አፈስሳለሁ። ቀይ ቡና በአንዱ ዓይኔ ደም፣ በሌላው ወይን ጠጅ መስሎ ይታየኛል። የትኛው ዓይኔ እውነቱን እንደሚነግረኝ አላውቅም ነበር።

እህቴ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ታስቀምጠኛለች። ሳሙና ሳሙና በሚሸት መዳፏ ደህናውን ዓይኔን ሸፍና፣ "ስንት ነው?" ትለኛለች። ጣቶቿን አልለያቸውም። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ፍርሃት ስለምሰማ ብቻ እገምታለሁ። "ሁለት።" ሲሳካልኝ ታቅፈኛለች። ሳይሳካልኝ ሲቀር "ቸኩዬ ነው" እላታለሁ።

አንድ ቀን "ሦስት" አልኳት።

"ምንም አላነሳሁም እኮ" አለች።

መዳፏን ከፊቴ ላይ ስታነሳ ታለቅስ ነበር። ላባብላት አሰብኩ፤ ግን የጎዳችኝ እሷ፣ ያታለልኳት እኔ፤ ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ "ስንት ነው?" ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ብዙም ሳይቆይ አግብታ ገደብ ወደምትባል ከተማ ሄደች። እኔም ስፌቱ ወጥቶልኝ መነጽር ከታዘዘልኝ በኋላ፣ ሁለት ሁለት ይሆን የነበረው ነገር ቀስ እያለ አንድ ሆነ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ደህናውን ዓይኔን ሸፈንኩና የመዝሙር ደብተሩን ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሮጬ ወጥቼ ደወልኩላት።

"ያያል! በእሱ ብቻ አነበብኩ!"

አጠገቧ ሕፃን ልጇ ያለቅሳል።

"ጌታ ይመስገን" አለች። "በርቺ፣ እህቴ።" ድምፅዋ በሽተኛ የሚያባብል ሰው ድምፅ ነበር።

"እውነቴን ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

ማመኗን ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።