ሰው ስትጭን ቋ የምትል መኪና

የያዘችኝ ፒካፕ ከኮሌጁ በር ወጥታ ወደ ግራ ስትታጠፍ ቋ አለች። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ትከሻዬን አጥብቀውኛል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያች ደቂቃ ስለ ጠበቃ ያስብ ነበር፤ እኔ ስለ መሪው አሰብኩ። የጣቢያውን በር ስንገባ ደግማ ቋ አለች።

«ይህች መኪና መሪዋ ታሟል» አልኩ፣ ሳላስበው።

ሹፌሩ ሳጅን በመስታወት አየኝ። ከጎኔ ያለው «ዝም በይ» አለ።

ጥፋት የተባለው አንድ ስብሰባ ላይ እጄን ማውጣቴ ነው። ተወስደው ያልተመለሱ ባልደረቦቻችን የት እንዳሉ ጠየቅሁ። በቃል አልመለሱልኝም፤ ቦታውን አሳዩኝ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ በዕድሜ ከአስተማሪዬ እምብዛም አላንስም ነበር። ማታ ማታ እየተማርኩ ቀጠልኩና አሶሳ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና አስተማሪ ሆንኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው መጽሐፍን አኝኮ ነው የሚውጠው፤ አንዲት ቃል ብትዘለው የዘለለውን ዕድሜ ታስታውሰዋለች። በዚህ የተነሣ ተማሪዎቼ ነዝናዛ ይሉኛል። ልክ ናቸው።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነበር። ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በሰው ጀርባ የወዛ፣ ወለሉ ከክረምቱ እርጥበት የተነሣ መቼም የማይደርቅ። ከላይ በግቢው በር በኩል አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንዷ የባምባሲ ልጅ፣ ነርስ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወለጋ የመጡ። ሌላዋ ቶንጎ ገበያ ላይ ጨው፣ ስኳርና የሱዳን ሽቶ የምትነግድ ወፍራም የበርታ እናት ናት። ክሷ ስኳር ለጫካ ሰዎች አቀብላለች የሚል ነው።

«እኔ ስኳር ሸጠ» አለችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። «ገዢው ሆዱ ውስጥ ምን ሐሳብ አለ፣ እኔ ምን አወቀ? አንተስ ምን ሸጥክ?»

አማርኛዋ ሁላችንንም ወንድ ያደርገናል። ጥያቄ መሸጤን ነገርኳት። «ወላሂ፣ እሱ ከስኳር ይብሳል!» ብላ ሳቀች፤ የተቀመጠችበትን ምንጣፍ ግማሹን ለቀቀችልኝ። አስተማሪ መሆኔን ስትሰማ ደግሞ በዓረብኛው «ኡስታዛ» አለችኝ። እስክትሄድ ድረስ ስሜ እሱ ሆነ።

ጉዳይዋ የሚታየው ቶንጎ ነበር። ዋስ የሚሆናት ወንድሟ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የቀረው ዳኛ ፊት መቅረብ ብቻ ነው። ግን ሁለት ጊዜ ጉዞ ጀምራ ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ ተመልሳለች። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ መሪው ይንኳኳል፤ ሳጅኑም «በዚህ መሪ ገደል አልገባም» ብሎ ያዞራል። መኪናዋ ጋራዥ ትሄዳለች፣ «ደህና ናት» ተብላ ትመለሳለች። ወንድሟ ሁለቱንም ቀጠሮ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ዋለ። አሁን ሐምሌ እያለቀ ነው። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ አንድ ቀጠሮ ቀርቷታል፤ ያ ካለፈ መስከረም ጠብቶ ሥራ እስኪጀመር እዚያው ናት።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መኪናዋን መስማት ሥራችን ሆነ። ነርሷ የደረት ሕመምተኛ እንደምታዳምጥ ሁሉ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች።

«ምን አገኘሽ?» እላታለሁ።

«ልብ ድካም ነው፣ ቲቸር። አልጋ ይያዝላት።»

«በሽተኛውን ገና ሳታየው አልጋ!» ትላለች የቶንጎዋ እናት። «እናንተ ሐኪም ሁሉ አንድ ነው።»

እየተሳሳቅን ሰማን። እየሰማን ሳለ አንድ ነገር ገባኝ። ጠዋት ሰው ጭና ስትወጣ በሩ ላይ ስትታጠፍ ቋ ትላለች። ሰው አራግፋ ስትመለስ ጭጭ። ሳጅኑ ብቻውን ነዳጅ ሊቀዳ ሲወጣ ጭጭ። ጋራዥም የምትሄደው እንዲሁ ባዶዋን ነው። እዚያ ደግሞ በክሪክ ያነሷታል፤ ጎማዎቿ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ነቅነቅ ያደርጓቸውና «ደህና ናት» ይላሉ። ሸክም ሳይኖርባትማ ማን ደህና ያልሆነ አለ?

ነገርኳቸው። የቶንጎዋ እናት ብድግ አለች። «በል አንኳኳ! ለሰዎቹ ንገር!»

ነርሷ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ቲቸር፣ ለእነሱ መኪና ልትሠሪላቸው? አንቺን የለቀመች መኪና እኮ ናት። ነገ ሌላ ሰው ትለቅማለች።»

ይህን ጥያቄዋን እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

«ይልቀም» አለች የቶንጎዋ እናት፣ ቶብ የሚሉትን የሱዳን ልብሷን ከትከሻዋ እያስተካከለች። «እኔን መጀመሪያ ያድርስ። ከዚያ አንተ ታበላሸዋለህ።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። እኔም በሩን አንኳኳሁ።

የጣቢያው ኃላፊ ኢንስፔክተር የተናገርኩትን እስከ መጨረሻው ሰማኝና «አንቺ እስረኛ ነሽ ወይስ ጋራዥ?» አለ።

«ለጊዜው ሁለቱም ነኝ።»

ሳጅኑ ከበሩ ጥግ ጉሮሮውን ጠራረገ። የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። «ጌታዬ፣ ጉባ ድረስ እርስዎንም የምወስድዎት እኮ በዚህችው ነው።»

ኢንስፔክተሩ አሰበ። ከዚያ ካቴናዬን እንዲፈቱ አዘዘ።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ግቢው ይተናል። ብዙ ጊዜ ሰማይን በመስኮት ልክ ቆርጠው ሲሰጡኝ ስለኖርኩ መላው ሰማይ በአንዴ ሲመጣብኝ አስነጠሰኝ። ፒካፗ ጭቃ ለብሳ ቆማለች። ለሳጅኑ አስረዳሁት፦ ክሪክ አያስፈልግም፣ ጎማዎቹ መሬት ይርገጡ፤ እሱ ሞተር አስነሥቶ መሪውን በትንሽ በትንሹ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፤ እኔ ከሥር ሆኜ መገጣጠሚያዎቹን በእጄ እይዛለሁ። የተበላሸው እጅ ላይ ይመታል።

«ግን ጭነት እፈልጋለሁ። ከፊት ለፊት።»

«ምን ጭነት?» አለ። «አሸዋ የለ፣ ሲሚንቶ የለ…»

ከበሩ ድምፅ መጣ። «እኔስ?»

የቶንጎዋ እናት ነበረች። ነርሷን አስከትላ ወጣች፤ ጠባቂውም አልከለከላትም። መኪናዋን ዞራ ልክ የሚገዛ በሬ እንደምታይ አየቻት። ከዚያ መከላከያውን ረግጣ፣ አንድ እጇን ለነርሷ ሌላውን ለሳጅኑ ሰጥታ፣ ኮፈኑ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ብረቱ ሲጥ አለ። የፊት ጎማዎቹ ረገብ አሉ። ቶቧን ዘርግታ ነርሷን ከጎኗ ሳበቻት።

«ጨምር! ሌላ ሰው የለም?»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጠባቂው ጮኸ፦ «በሩን ዝጋው! ሰው እንዳያየን!»

ከሥር ገባሁ። ጭቃው ቀሚሴን አልፎ ጀርባዬን ነካኝ፤ ደስ አለኝ። ሳጅኑ መሪውን አወዛወዘ። ቋ። መጣች! እንዲህ ቅርብ ሆና ሰምቻት አላውቅም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎማውን ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ኳስ ነበር። በሙሉ እጄ ያዝኩት፤ ጠጣር ነው። የሌላውን ጎማ ያዝኩ፤ እሱም ጠጣር። ቋ። መካከለኛውን ዘንግ ያዝኩ። ምንም። ቋ ትላለች፣ ግን ከየት? ብረት ድምፅን እንደ ወሬ ነው የሚያዛምተው፤ የጀመረው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የኢንስፔክተሩ ጫማዎች ከአጠገቤ ቆመው ይጠብቃሉ። ተሳስቼ ከሆነ የቶንጎዋ ቀጠሮ ማለፉ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ኡስታዛ!» አለች ከላይ። «ኡስታዛ፣ መታኝ!»

«ምን መታሽ?»

«ቋ ሲል መታኝ! እዚህ!»

«እዚህ የት ነው? እኔ አላይሽም!»

ከዚያ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ «ቂጤን!» አለች። «በሳጅን በኩል ያለውን!»

ነርሷ በኦሮምኛ «ያ ዋቃዮ!» ብላ አምላኳን እየጠራች ከኮፈኑ ልትወድቅ ደረሰች። ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳጅኑ መሪው ላይ ተደፋና ጡሩምባው ጮኸ። የኢንስፔክተሩ ጫማዎች ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ተመለሱ። ፊቱን አላየሁም፤ ሲስቅ ግን ሰማሁት።

እጄን በሹፌሩ በኩል ሽቅብ አሻገርኩ። እዚያ የመሪው ጥርሶች የሚያርፉበት ወፍራም የብረት ሳጥን በቡሎን ከመኪናዋ አጽም፣ ከሻንሲው ጋር ተጣብቋል። መጣበቅ ነበረበት። ሳጅኑ መሪውን ሲያዞር ሳጥኑ ራሱ እንደላላ ጥርስ ተነቃነቀ። አንደኛው ቡሎን የለም፤ ጣቴ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። የቀሩት ላልተዋል። ጎማው አየር ላይ ሲሆን የሚገፋው ስለሌለ ሳጥኑ ይረጋል፤ ሸክም ሲኖር ጎማው መሬቱ ላይ ሙጭጭ ይላል፣ ያኔ መሪው ጎማውን ከማዞር ይልቅ ሳጥኑን ይገፋዋል።

«አገኘችው!» አልኩ። አገኘሁት ማለቴ አልነበረም።

ሳጅኑ ገበያ ወጥቶ ቡሎን ገዛ። ግቢው ውስጥ በኤግዚቢትነት ከተያዘ አሮጌ መኪና እንፍታ ቢል ኢንስፔክተሩ «ማስረጃ ነው! ቡሎኑም ማስረጃ ነው!» ብሎ ከልክሎት ነበር። አስገባሁት፤ የቀሩትንም ቁልፉ አልሄድ እስኪል አጠበቅሁ። ከዚያ መሞከር አለበት ተባለ።

«ጭነቱ አይወርድም» አለ ሳጅኑ። «ያለ ጭነት ሙከራ የለም ብላችኋል።»

የቶንጎዋን ጋቢና አስገብቶ፣ ነርሷንና እኔን ከኋላ ጭኖ ግቢውን ዞረ። በታጠፈ ቁጥር ትንፋሻችንን እንይዛለን። ጭጭ። እንደገና ዞረ። ጭጭ። ነርሷ እልል አለች። ከወንዶቹ ክፍል፣ ምን እንደተፈጠረ የማያውቁ እስረኞች በጭብጨባ ተቀበሏት።

«ይህ ጣቢያ ነው ሰርግ ቤት?» አለ ኢንስፔክተሩ። ስወርድ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

ስልኬ ዓይኔ ላይ ውል አለ፤ ቤቴም፣ አልጋዬም። ግን ከእሱ እጅ ለራሴ የምቀበለው ነገር እንዲኖር አልፈለግሁም።

«ለእኔ ምንም። እሳቸው ቶንጎ ሲሄዱ ጋቢና ይቀመጡ። እጃቸው ሳይታሰር።»

«መመሪያው…»

«ጋቢናው ሰፊ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሳጅኑ።

በቀጠሮዋ ቀን ማለዳ ፊቷን ታጥባ፣ ቶቧን አጥፋ ተከናንባ ወጣች። በመስኮቷ ተራ በተራ አየናት። ሳጅኑ የጋቢናውን በር ከፍቶ ቆመ፤ እሷ ግን ወዲያው አልገባችም። ኮፈኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገች፣ «ያላ» አለችና ጋቢናው ውስጥ ገባች።

እኛ ስንጠብቅ ዋልን። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ነርሷ መኪናዋ ስትመለስ የምትሰማበትን ጆሮ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ምንም። ዝናቡ አባራ። ምንም። ሊመሽ ነው። ቡሎኑን በእጄ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ በዓይኔ ይመላለስ ጀመር።

በሩ ተከፈተ። ሳጅኑ ነው፣ ጸጉሩ ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

«ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?»

«መኪናዋ የታለች?» አለች ነርሷ።

«መኪናዋማ ከገባች ቆየች። ሰውነቴን ታጥቤ እንኳ ጨረስኩ እኮ!» ከዚያ ገባው፤ ሳቀ። «ቋ እስክትል ነው የምትጠብቁት? ሴትየዋ በዋስ ወጥታለች። ወንድሟ ተሸክሟት ሊሄድ ነበር፣ አልቻለም እንጂ።»

ነርሷ አንገቴን አንቃ አለቀሰችም፣ ሳቀችም።

እኔ ከዚያ በኋላም ሰነበትኩ፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ባለፈው ዓመት የተግባር ፈተና ልፈትን ቶንጎ ሄጄ ገበያውን አቋረጥኩ። ስኳሯን ዘርግታ፣ በሴቶች ተከብባ አገኘኋት። አቅፋኝ ስትጨርስ ታሪኩን ትነግራቸው ጀመር፤ በበርታ ቋንቋ ጀምራ ለእኔ ስትል ወደ አማርኛ ተሻገረች። እንደ እሷ አተራረክ፣ ጋራዡ ሁሉ ያቃተውን የፖሊስ መኪና የሠራችው እሷ ናት። «ኡስታዛ ከሥር ተኛ» አለች። «እኔ ቁጭ አለ፣ በሽታውን አገኘ። ኡስታዛ ደግሞ ቡሎን አሰረ። ነው አይደለም?»

እኔ የሰው ንግግር ሲዛነፍ አላልፍም፤ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በልቤ አሰብኩት፤ የሚታረም ፈለግሁ፣ አጣሁ።

«ነው» አልኩ።