ግዝት ያልነበረባቸው እንግዶች

ለሁለቱ ሽማግሌ ሞርሞኖች አንድ ሳምንት ሙሉ ያስተረጎምኩላቸው በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ያለው የትምህርት ቤት እረፍት ነው። የወረዳው የውሃ ሰዎች ጠሩኝና ሁለት ፈረንጆች የኛን መንደር ምንጭ ሊያዩ እንደሚመጡ ነገሩኝ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ መንደሩ የተወለድኩበት ነው፣ በዚያ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ ትርፍ ክፍል ያለው እናቴ ቤት ብቻ ነው። ሌላ ሰው ለመፈለግ አልደከሙም።

ባልና ሚስት ናቸው። እሳቸው ሰባ ዓመት የሚጠጉ፣ ዕድሜያቸውን በውሃ ቧንቧ ሥራ የጨረሱ ረጅም ሰው፤ ሚስትየዋ ደግሞ ጡረታ የወጡ የልጆች አስተማሪ። ሞርሞን የሚባለው የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያናቸው ለአንድ ዓመት ተኩል ልኳቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ ውሃ የቸገረው አገር እየዞሩ ያያሉ። ሚስዮናውያን ቢሆኑም እዚህ ላይሰብኩ ቃል ገብተዋል። በዚህ ቃላቸው ቀልድ አያውቁም ነበር። ስለ ሃይማኖታቸው አንድ ነገር ስጠይቃቸው እንኳ ሽማግሌው ፈገግ ብለው ስለ ሲሚንቶ ያወሩኛል።

ምንጫችን ሁለት ዓይን አለው። የላይኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር የሚፈልቀው ጠበሉ ነው፤ የታችኛው የምንጠጣው። የምንጠጣው ግን በጉም ፈረሱም የሚገባበት ስለሆነ አልቅት አይጠፋበትም፤ እናቴ ሁልጊዜ በነጠላ ጫፍ አጥልላ ነው የምትቀዳው። ባለፈው ዓመት እንስራዋን እንዳዘለች ዳገቱ ላይ ተንሸራታ ወገቧን ተጎድታለች፤ ከዚያ ወዲህ ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው። ምንጩ ቢገነባና ውሃው በቧንቧ እስከ መንደሩ ቢወርድ ለሷ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ሰግተዋል፤ የሌላ ሃይማኖት ሰው እጅ ከነካው ጠበሉ ይሸሻል ነው ነገሩ። ለጊዜው እንግዶቹ ይዩት፣ ይለኩት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይወስናል ተባለ።

ሰኞ ከሰዓት ደረሱ። እናቴ ከሳምንት በፊት የጠመቀችውን ጠላ በትልቁ ዋንጫ ቀድታ፣ ወጉ እንደሚያዘው መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ፣ በሁለት እጇ ለሽማግሌው አቀረበች። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ሚስትየዋ ዞረች፤ እሳቸውም እንዲሁ። አረቄ ይሻል እንደሆን ብላ ጠየቀች። አረቄም የለም። ቡናም አይጠጡም። የእናቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። መንዝ ውስጥ ከቤትህ ያልቀመሰ እንግዳ ወይ ንቆሃል ወይ መርዝ ጠርጥሮሃል፤ ሦስተኛ ምክንያት የለም።

«ምነው፣ ጠላዬን ተጸየፉት?» አለች።

እውነቱን፣ ማለትም ሃይማኖታቸው እንደሚከለክላቸው ብነግራት ወሬው ሳይመሽ የመንደሩ ሽማግሌዎች ጆሮ ይገባል፤ ሃይማኖት የሚባለው ነገር ከተነሳ ምንጩ አለቀለት። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ኧረ እማዬ፣ የንስሐ አባታቸው ገዝተዋቸው ነው» አልኳት።

እናቴ ዋንጫውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ፊቷ ወዲያው ተፈታ። «እኔን! በዚህ ዕድሜያቸው!» ብላ ወተት ልታፈላ ሄደች። ማታ የራሷን የበግ ጠጉር ባና ከአልጋዋ ገፍፋ ደረበችላቸው፤ የመንዝ ብርድ ፈረንጅ አያውቅም ብላ።

ማክሰኞ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ እኔ ምንም መጨመር አላስፈለገኝም፤ የቀረውን ሰው በራሱ ሞላው። ጎህ ሲቀድ አልጋቸው ሥር ተንበርክከው ይጸልያሉ፤ ይኸው ንስሐ ነው። ሽማግሌው በቀዝቃዛ ውሃ ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ጭቃ ውስጥ ይገባሉ፤ ይኸም የታዘዙት ይሆናል። ሚስትየዋ ያንን ሸሚዝ ማታ ማታ በገዛ እጃቸው አጥበው አጥር ላይ ያሰጡታል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል፤ ሽማግሌው ከጓሮ እስኪመለሱ እንኳ ሚስትየዋ ማዶ ቆመው ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ የከበደ ቀኖና አይተን አናውቅም አሉ ሰዎቹ። አገራቸውን፣ ልጆቻቸውን ጥለው በስተርጅና እዚህ ዳገት ላይ የመጡትም ተልከው ነው፣ መቼም በፈቃዱ የሚመጣ የለም።

ረቡዕ ነበር ጉድ የፈላው። ከአምስት ሰዓት በፊት ክፍላቸው ብገባ ሁለቱም ተቀምጠው የተቀቀለ እንቁላል ይልጣሉ። በረቡዕ! ከበሩ ውጭ እናቴ ከጎረቤት ጋር ታወራለች። ቅርፊቱን በቀሚሴ ኪስ ጠቅጥቄ ጓሮ ወጣሁና በእንጨት ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ሚስትየዋ በመስኮት አይተውኝ ኖሮ፣ ስመለስ ለማዳበሪያ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ለአስተማሪ የሚያሳፍር ሳምንት ነበር።

ሐሙስና ዓርብ ሽማግሌው ባልዲና ሰዓት ይዘው ውሃውን ለኩ። ስንት ጊዜ እንደለኩ አልቆጠርኩም፤ ባልዲው በሞላ ቁጥር ግን እንደ ልጅ ደስ ይላቸዋል። ሚስትየዋ ከሴቶቹ ጋር ድንጋይ ያቀብላሉ፣ ቋንቋ ሳይችሉ ይሳሳቃሉ። ሴቶቹ ቆሎና በሶ ያመጡላቸው ጀመር። አንዷ ጎረቤታችን ጆሮዬ ሥር ገብታ፣ «ሰው ገድለው ነው አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን አዎ አድርጋ ይዛው ሄደች። እኔም በበኩሌ ሁለቱን ሰዎች እየወደድኳቸው ነበር፤ በተለይ ሚስትየዋ ስማችንን ሁሉ ጽፈው አጥንተው ጠዋት ጠዋት በስማችን ሲጠሩን ሆዴ ይባባል።

ቅዳሜ የሰበካው ቄስ መጡ። ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። ወንበር ቀርቦላቸው ተቀመጡና መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ «ለነዚህ ሰዎች ሕዝቡ አዝኗል። የንስሐ ልጆቼ ስላልሆኑ እኔ ላናዝዛቸው ሥልጣን የለኝም። ግን ምን እንደ በደሉ ከነገሩኝ ነገ ሕዝቡን አቁሜ እግዚኦታ አደርስላቸዋለሁ። ጠይቂልኝ እስቲ፣ ኃጢአታቸው ምንድን ነው?»

ሁለቱ እንግዶች ፈገግ ብለው ያዩኛል፣ እስክተረጉም ይጠብቃሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። «እንደምን ናችሁ ይሏችኋል» አልኳቸው። «በጣም ደህና፣ እናመሰግናለን» አሉ። ወደ ቄሱ ዞሬ፣ «አባ፣ እስከ ነገ ይታገሱን» አልኳቸው። እሳቸውም በሰው ኃጢአት አያጣድፉም፤ ባርከውን ሄዱ።

በሩ እንደተዘጋ ሁሉንም ለፈረንጆቹ ነገርኳቸው። ከጠላው እስከ እንቁላል ቅርፊቱ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። በመጨረሻ፣ ነገ ለሕዝቡ እውነቱን ትነግሪያቸዋለሽ አሉኝ።

«ውሃው ቢቀርስ?»

«ይቀራል።»

ተናደድኩ። ይህ ሰው ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ ገብቶ የቧንቧ ውሃ ይጠጣል፤ ዳገቱን የምትወጣው የኔ እናት ናት። እንደዚያው ብዬ ነገርኳቸው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አልተቆጡም። በውሸት ላይ የተገነባ ምንጭ ከጊዜ በኋላ ሰው ቢሰማ ማን ይጠጣዋል ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ሚስትየዋ እጃቸውን አጣምረው መሬት መሬት ያያሉ።

እሑድ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ከቅጥሩ ውጭ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ሁለቱ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ የነሱ ጾም በፈረንጆቹ ወር መጀመሪያ እሑድ ላይ ይውላል። ቆሜ ተናገርኩ። ግዝት የለባቸውም፣ ንስሐ አባት የላቸውም፣ የማይጠጡት ሃይማኖታቸው ስለሚከለክላቸው ነው፣ ሃይማኖታቸውም ሌላ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ አንድ አዛውንት ብድግ አሉና፣ «እንግዲህ ነገሩ ይኸ ከሆነ ውሃችንን አይነኩም!» አሉ። ሌሎችም ተነሱ። ሴቶቹ በኔ ላይ አጉረመረሙ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች፤ ወደኔ አላየችም።

ሚስትየዋ ተነስተው ክንዴን ያዙኝ። የምለውን ንገሪልኝ አሉኝ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየጠበቁኝ ተናገሩ፣ እኔም አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላለፍኩ፤ «ማንም አልገዘተኝም። ግን ኃጢአት የለብኝም አልልም። የመጀመሪያ ልጄ ከሃይማኖታችን የወጣ ጊዜ፣ ከእንግዲህ ቤቴን እንዳትረግጥ አልኩት። አልረገጠም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ደብዳቤ እጽፍለታለሁ፣ አይመልስም። ካህናችሁ ትናንት ሊጸልዩልኝ እንደመጡ ማታ ነው የሰማሁት። ውሃውን ብትከለክሉንም ጸሎቱን አትከልክሉኝ።»

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «ይኸኛውስ» አለችኝ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ያንቺ ነው የሳቸው?»

«የሳቸው ነው እማዬ።»

አላመነችኝም። ወገቧን ይዛ ተነሳች፣ በሰዎቹ መካከል አልፋ ሚስትየዋ ፊት ቆመችና ዓይን ዓይናቸውን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። እንባቸው እየወረደ ነበር። ያን ጊዜ በነጠላዋ ጫፍ ጉንጫቸውን ጠረገችላቸውና ወደ ቄሱ ዞራ፣ «አባ፣ እውነት ነው» አለች። «የልጅ ሐዘን ነው።»

ቄሱ ጥቂት አሰቡ። «ከቅጥሩ ውስጥ አላደርሰውም» አሉ፤ «እዚህ ግን የሚከለክለኝ የለም። የልጁን ስም ይንገሩን።» ስሙን ነገሩ፤ ቄሱ አፋቸው ላይ እየተሰባበረባቸው ሦስት ጊዜ ደጋገሙትና ሕዝቡን አስነሱ። አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ተባለ። ሁለቱ እንግዶች አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ውሃውን አይነኩም ያሉት አዛውንትም ከሁሉ ጮክ ብለው ነበር የሚሉት። ሲያበቃ ቄሱ፣ «ነገ ድንጋይ የሚያመላልስ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይውጣ» አሉ። በዚሁ ተወሰነ።

ከፋሲካ በፊት ውሃው መንደር ደረሰ። ጠበሉም አልሸሸም። እናቴ እንስራዋን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ እኔንም በማግስቱ ይቅር ብላኛለች፣ ወተት አፍልታ። ግን እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ፣ የሌላ ሰው መልእክት ባደረስኩላት ቁጥር፣ እሺ ከማለቷ በፊት ዓይኔን ታይ ነበር።